ቆመህ ጠብቀኝ፦ አሮጌ ጠመንጃ ለምን ይወደዳል?

አማርኛ ለአሮጌ ጠመንጃ ያወጣለት ስም ቀልድም ፍርድም አለበት። «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። አንድ ጥይት ከተኮሰ በኋላ ባለቤቱ መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ፣ ከዝናሩ ሌላ ጥይት መዝዞ፣ አጉርሶና ዘግቶ እንደገና እስኪያነጣጥር ድረስ ጠላት ባለበት ቆሞ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ክላሽንኮቭ አገሩን ከሞላው ወዲህ ስሙ ይበልጥ መሳቂያ ሆኗል።

የሚገርመው ግን ይህ የሚሳቅበት ጠመንጃ ከብዙ ቤት ግድግዳ አለመውረዱ ነው። ጥይቱ ከገበያ ጠፍቷል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። አፈሙዙ ውስጡ ተበልቷል። ባለቤቱ ግን ለበዓል ይወለውለዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ወደ እሱ ይሄዳል፣ «ሽጠው» ሲባል ይቆጣል። በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ የአሜሪካ ሰብሳቢ ይህንኑ ጠመንጃ በዶላር ገዝቶ፣ ጥይቱን በእጁ ሠርቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይተኩሰዋል።

ሁለቱን ሰዎች አንድ ብረት ላይ ያገናኛቸው ምንድን ነው? መልሱ ከብረቱ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ነው።

🔹 ሲመጣም አሮጌ ነበር

ጠመንጃ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምጽዋ ሲወርዱ ነፍጥ ይዘው ነበር። የግራኝ አሕመድ ጦርም ከቱርክ ያገኘው ነፍጥ ነበረው። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው አሮጌ ጠመንጃ ግን በአብዛኛው የ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ልጅ ነው።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት የጦር መሣሪያ በየጥቂት ዓመቱ ይለውጡ ነበር። መጀመሪያ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዝ በኩል የሚጠቀጠቅበት ጠመንጃ በኋላው በሚጎርስ ተተካ። እንግሊዞች አሮጌዎቹን ጠመንጃዎች ከመጣል ይልቅ ያዕቆብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ባወጣው ዘዴ ኋላቸውን ቆርጠው በኋላ የሚጎርሱ አደረጓቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 የጦራቸው መሣሪያ የሆነው ይህ ስናይደር ነው አማርኛ ውስጥ ገብቶ «ሰናድር» የሆነው። ሰናድርን ኢትዮጵያ የተዋወቀችው በክፉ ቀን ነው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የናፒየር ጦር መቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ስፍራ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ሲገጥም ይህንኑ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የቴዎድሮስ ወታደር አንድ ጊዜ እስኪተኩስ እንግሊዛዊው ደጋግሞ ይተኩሳል። «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚለው ቀልድ ያን ዕለት ቀልድ አልነበረም።

ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለለቀቁለት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ በቁጥር የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ድል አድርገው አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሆኑ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራ ሲሸነፍ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግቶን በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ።

ትልቁ ጎርፍ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ያሻሻለውን ጠመንጃ ለጦራቸው አደሉ። «ፊዚ ግራ» ይሉታል፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ «ውጅግራ» አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጢስ የሌለው ባሩድ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤል ወጣ፤ እሱም በተራው እዚህ «ለበን» ተባለ። ለቤል ሲመጣ ያ ሁሉ ውጅግራ በፈረንሳይ መጋዘን ሥራ ፈታ። ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ በታጁራና በኦቦክ፣ በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋና ወደ ሐረር አጋዙት።

ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም የተወው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ደረሰ። ጠመንጃዎቹ ያን ጊዜም ያረጁ ነበሩ፤ በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ለቤተሰቡ እንደጻፈው በቤልጅግ ከተማ በሊዬዥ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ሸዋ ሲደርስ ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ሲመለሱ እንጦጦ ላይ ተገናኙ። ትርፍ አገኛለሁ ያለው ባለቅኔ ግን በሞተ ሸሪኩ ዕዳ እየተቆረጠበት ኪሣራ ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ ቤት «አሮጌ» የተባለው ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ «አሮጌ» ተብሎ የተጣለ ነበር። ሁለተኛ ሕይወቱን ያገኘው እዚህ ነው።

🔹 ስም የወጣለት ብረት

ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቢን፣ ረሚንግቶን፣ ምንሽር፣ ሞዜር፣ ቤልጅግ። ይህ ዝርዝር የፋብሪካ ካታሎግ ይመስላል እንጂ የሕዝብ ቃል ነው። የማያውቀውን የባዕድ ስም ሕዝቡ በአፉ እያሸ የራሱ አደረገው። በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ጠመንጃው እንደ ፈረስ፣ እንደ ወንድም ይጠራል። ገዥው እንግሊዝ ይሁን ፈረንሳይ፣ ነጋዴው ራምቦ ይሁን ሌላ፣ እዚያ ውስጥ የለም። ያለው የያዘው ሰውና የዋለበት ውሎ ነው።

መወደዱ ከውድነቱም ይመጣል። ጠመንጃ የሚገኘው በብዙ ብር፣ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ ወይም በጌታ ስጦታ ነበር። ጥይቱ ራሱ ገንዘብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የአገሪቱ ገበያ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ዝናር የታጠቀ ሰው ወገቡ ላይ የሚያብለጨልጨው መሣሪያም ሀብትም ነበር ማለት ነው። ባዶ ቀለህም አይጣልም። ባሩድና እርሳስ እንደገና ተሞልቶበት ይሠራል።

ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር በከንቱ መተኮስ ገንዘብ መርጨት ነው። በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ የሚሰማው ተኩስ ክብደቱን ያገኘው ከዚህ ነው። ለሞተው ሰው ሰማይ ላይ የሚተኮሰው ጥይት «ይህን ያህል ላንተ አይበዛብህም» የሚል ንግግር ነበር።

🔹 አንድ ጥይት፣ አንድ ሐሳብ

ውጅግራ ሲተኮስ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፍቅሩን ለመረዳት ይጠቅማል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ 25 ግራም ይመዝናል፤ የዛሬው የክላሽ እርሳስ ስምንት ግራም ገደማ ነው። ከኋላው ያለው ጥቁር ባሩድ ነው። ቃታው ሲሳብ እንደ ዘመናዊ ጥይት አይሰነጥቅም፤ ያጓራል። ትከሻን በጥፊ አይመታም፤ ይገፋል። ከዚያ ነጭ ጢስ ይነሳና ተኳሹ ዒላማውን አያየውም። መምታት አለመምታቱን የሚያውቀው ነፋሱ ጢሱን ሲወስደው ነው።

ያችን አፍታ በመጠበቅ ውስጥ ነው ሰው የሚያዘው። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ሰው ከመተኮሱ በፊት ያስባል። ርቀቱን ይገምታል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ የነፋሱን አቅጣጫ ያያል። ሠላሳ ጥይት በካርታ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ለጥይቱ ብዛት ይተወዋል። ባለ ቆመህ ጠብቀኙ ግን ለራሱም «ቆይ» የሚል መሣሪያ ይዟል።

ጥቁር ባሩድ ጠባቂም ይፈልጋል። የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። የተተኮሰበት ጠመንጃ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ካልታጠበና ዘይት ካልተቀባ አፈሙዙ ይበላል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ መቶ ዓመት ቆየ ማለት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው፣ ከዚያ ልጁ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ አጥቦታል፣ ወልውሎታል ማለት ነው።

🔹 ከዓድዋ እስከ አርበኛ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር እንደ አገሩ ጠመንጃ የተቀላቀለ ነበር። ውጅግራውም፣ ረሚንግቶኑም፣ ሰናድሩም፣ ከውጫሌ ውል ሰሞን ከጣልያን ከራሷ የመጣውም በአንድ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። የጣልያን ጦርም ከአዲሱ ካርካኖ ይልቅ በአብዛኛው የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ውጊያው ሲያልቅ 56 መድፍና ወደ 11 ሺህ የሚገመት ጠመንጃ ተማረከ። ከምርኮው ስንቱ የትኛው ቤት ገብቶ እንደቀረ የጻፈ የለም።

አርባ ዓመት አልፎ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ስትመለስ በአውሮፕላን፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣልያን መሣሪያዋን ራሷ ስለምትሠራ እገዳው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነበር። የክብር ዘበኛ ከቤልጅግ የተገዛ ዘመናዊ ሞዜር ቢኖረውም ከየጠቅላይ ግዛቱ የዘመተው ብዙ ሰው ከግድግዳ ያወረደው የአባቱን ውጅግራ ነበር። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንም ብዙው አርበኛ ጫካ የገባው በዚሁ ነው። በአሮጌው አድብቶ አዲሱን መማረክ የአርበኛው መንገድ ሆነ። አሮጌ ጠመንጃ በብዙ ቤት የማይሸጠው ለዚህ ነው። አባት የዋለበት ምስክር ወረቀት የለውም፤ ምስክሩ ጠመንጃው ነው።

🔹 በሌላው ቤት

ይህን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ መጨረስ ግን ሐቅ አይሆንም። ያው ውጅግራ፣ ያው ረሚንግቶን ወደ ደቡብ በተደረጉት ዘመቻዎች ላይም ነበር። የገጠመው ሕዝብ በብዙ ቦታ የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከነፍጥ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ባለ ጠመንጃ ወታደር ማለት ነበር። ደመወዙ በገንዘብ ስላልነበረ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩ ያርስለታል፣ ይፈጭለታል፣ ቤቱን ይሠራለታል። ስለዚህ አንዱ ቤት «አያቴ አገር የጠበቀበት» የሚለውን ጠመንጃ ሌላው ቤት «አያቴ የገበረለት» ብሎ ያስታውሰዋል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ብረቱ አንድ ነው፤ የቆመበት ጎን ነው የሚለየው። ጠመንጃውን የሚወድ ሰው ይህንን ሁለተኛውን ትዝታ ለመስማት ጆሮ ከሌለው የሚወደው ታሪክን ሳይሆን ጌጥን ነው።

🔹 መዝገብ ያለውና የሌለው

በእንግሊዝ አገር ለወፍ አደን የተሠራ፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው አሮጌ ሾትገን እስከ ዛሬ ይወደዳል። ከቪክቶሪያ ዘመን የቀሩ አሉ። አፈሙዛቸው ብረትና አረብ ብረት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የተሠራ በመሆኑ ላዩ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ ጌጥ ይታያል። እነዚህን ጠመንጃዎች ዋጋ የሚሰጣቸው ውበታቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት በኃይለኛ ባሩድ ተተኩሶበት ማኅተም ይመታበታል። የለንደኑ ፍተሻ ቤት ቻርተሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1637፣ የበርሚንግሃሙ የተቋቋመው በ1813 ነው። የታወቁት ሠሪዎች ደግሞ መዝገብ ይዘዋል። የጠመንጃው ቁጥር ሲነገራቸው መዝገቡን ገልጠው በየትኛው ዓመት ለማን እንደተሠራ ይናገራሉ። ገዢው ከብረቱ ጋር የአንድን ሰው ዕድሜ አብሮ ይገዛል።

የኢትዮጵያው ጠመንጃም ምልክት አለው። በብዙዎቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወይም የግዕዝ ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። መዝገቡ ግን በወረቀት ላይ አልነበረም፤ በሽማግሌ አፍ ላይ ነበር። «ይህን አያትህ ከእንትና ጋር ሲዘምት ይዞት ነበር፣ ይህን ቁራጭ የመታው ጥይት ነው፣ ይህን ጠፍር ያሰረው አባትህ ነው» የሚል። ሽማግሌው ሲሞት መዝገቡ ተዘጋ።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በጣም ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ውጅግራ፣ ረሚንግቶን፣ ቬተርሊ፣ ለበን፣ ካርካኖ፣ ሞዜር ሁሉም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ ቅርስ ብሎ ከተራው የመሣሪያ ቁጥጥር ነፃ ያደርገዋል። ዓድዋ በእነሱ ቁጥር 1896 ነው። በዓድዋ የተተኮሰ ጠመንጃ ሁሉ እዚያ በሕግ ቅርስ ነው ማለት ነው።

ሰብሳቢው ጠመንጃውን ሲቀበል ለወራት ዝገቱን ይጠርጋል። ጥይት ስለማይገኝ ራሱ ይሠራል። ለሰናድር የሚሆነውን ቀለህ ለምሳሌ ከ24 ጌጅ የሾትገን የነሐስ ቀለህ ቆርጦ ያወጣል፣ እርሳስ ያቀልጣል፣ ጥቁር ባሩድ ይሞላል። አፈሙዙ ደህና መሆኑን ያስመረምራል፤ ያረጀ ብረት በዘመናዊ ባሩድ ከተሞላ ሊፈነዳና ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ አንዴ ይተኩስና ጢሱ እስኪገለጥ ይጠብቃል። እንዲህ ለፍቶ የሚጠብቀውን ሰው መውቀስ ያስቸግራል። ከዝገት ያዳነው እሱ ነው። ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ፎቶ አንስቶ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። እሱ የሚያጣው አንድ ነገር ነው፦ የሰውየውን ስም።

🔹 የቀረው ጊዜ

በአገር ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሕጉ ምክንያት አለው። አገሩ በጥይት የሚቀብረው ሰው በዝቷል፤ ለለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትም ተመልሶ መሬት ላይ ይወድቃል። አሮጌ ጠመንጃ ስለተወደደ ይተኮስ የሚል ክርክር ዛሬ አያስኬድም። ውጅግራን ለመውደድ መተኮስ ግድ አይደለም።

ግድ የሚሆነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ጠመንጃ ሁለት ነገር ነው፤ ብረትና ወሬ። ብረቱን ዘይት ይጠብቀዋል፤ ወሬውን የሚጠብቀው የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው። መጋዘን ከመጽዳቱ፣ ጭነት ከመውጣቱ፣ ቤተሰብም ከመሸጡ በፊት ቁጥሩን፣ ምልክቱን፣ የያዘውን ሰው ስም፣ የዋለበትን ቦታ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የገባሩ ቤት የሚለውም በዚያው ደብተር መግባት አለበት፤ ያለሱ ደብተሩ ግማሽ ነው።

አውሮፓ የጣለውን ብረት ታሪክ ያደረገው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። በ7 ፍራንክ የተገዛው ውራጅ ዛሬ ቅርስ የተባለው ፋብሪካው ስለሠራው አይደለም፤ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አንግቶት ስለዋለ ነው። ያን ሰው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቤቱ ጥቂት ቀርተዋል። ጠመንጃው ቆሞ ይጠብቃል፤ እነሱ ግን ቆመው አይጠብቁም።